የሦስተኛ ፎቅ ደጅ

ወደ እንጅባራ ተዛውሬ አፓርታማ ስከራይ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ እየደወልኩ የምናገረው አንድ ነገር ነበረኝ። «ማንም አያውቀኝም!» እላቸው ነበር፣ ዕጣ እንደወጣለት ሰው። የደስታዬ ምክንያት የሚገባው ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ለኖረ ብቻ ነው። ዳንግላ ስምንት ዓመት የኖርኩበት ግቢ ባለቤት፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ስንት ሰዓት እንደገባሁ፣ ማን እንደሸኘኝ፣ በፌስታል የያዝኩት ሥጋ ይሁን ቲማቲም ከእኔ የበለጠ ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ከሥራ ልቀር ስል፣ ለአለቃዬ ለመደወል ስልኬን ሳነሣ አለቃዬ ራሱ ቀድሞ ደውሎ «እግዜር ይማርሽ» አለኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው አዲሷ ቤቴ ግን የብረት በር አላት። በሩ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱንም ከቆለፍኩ በኋላ የት ገባሽ የሚለኝ የለም። ሕንፃው አራት ፎቅና አሥራ ስድስት በር ነው። አከራዩ ውል ስንፈራረም ለሊፍት የተተወውን ባዶ ቦታ በኩራት አሳይቶኝ «ሊፍቱ መንገድ ላይ ነው» አለኝ። ከየት እንደተነሣ አልነገረኝም፤ በእግሩ እየመጣ መሆን አለበት። እስኪደርስ ድረስ ዘበኛው ድንች ያስቀምጥበታል። ደረጃው ደግሞ መደገፊያ የለውም። በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴ በዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ፣ የብረት መደገፊያ እንዲሠራ ሦስት ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ ሦስቱንም መግቢያው ላይ ለጥፏል። ሰብሳቢው ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእኔ በታች ይኖራል፤ ለኮሚቴው ማኅተም ቢቀረጽለት ከዚህ ዓለም ሌላ የሚፈልገው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ጎረቤቶቼን የማውቃቸው በስልክ ግሩፓችን ነው። እዚያ ላይ ሁላችንም ጀግኖች ነን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገታችንን ሰብረን እናልፋለን፤ በር ዘግተን ከገባን በኋላ በስልክ እንሰዳደባለን። የሁልጊዜ ርዕሳችን «ከላይ ሆኖ የልብስ ውኃ የሚያንጠባጥበው ሰው» ነበር። ማንነቱ አልታወቀም። እኔም በዚህ ሰው ላይ በጣም ከሚቆጡት አንዷ ነበርኩ፤ «ሰው ሆኖ እንዴት ለጎረቤቱ አያስብም?» ብዬ የጻፍኩት አሥራ አንድ የአውራ ጣት ምስል አግኝቷል።

ከእኔ በር ትይዩ የምትኖረውን ሴት በስድስት ወር ውስጥ ያወቅኋት በወጧ ሽታና በልጇ ለቅሶ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሴትዮዋ በራፏ ላይ ልብስ እያጠበች፣ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጇን ወገቧን በነጠላ አስራ ጫፉን ከበሩ እጀታ ጋር ቋጥራዋለች። ደረጃው ላይ እንዳትወድቅ ነው። አየሁ። ከዚያ ሦስቱን ቁልፍ ቆለፍኩ።

በዚህ ደስታ ላይ ሳለሁ ነው የአባቴ ነገር የመጣው። አባቴ ከአዘና ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ባለፈው ጥር፣ በፈረሰኞቹ በዓል፣ «ወጣቶቹ ልጓም አያያዝ አያውቁም» ብለው ሊያሳዩ ወጡና ከፈረስ ወደቁ። ዳሌያቸው ተጎዳ። ሐኪሙ በመጪው ክረምት ጭቃ ውስጥ እንዳይወጡ እንዳይወርዱ አለ። ሁለቱ ወንድሞቼ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ አንዱ ከባሕር ዳር፣ በስልክ ሸንጎ ተቀምጠው እኔ እንዳስጠጋቸው ፈረዱ። ባልም ልጅም የለኝ፣ ቅርብም ነኝ፣ ሌላ ምን ምክንያት ይፈለጋል? እውነቱን ለመናገር ግን ፍርዱን ከእነሱ ይልቅ የፈለግሁት እኔ ነኝ። አባቴ በዚያ ጭቃ ላይ ወድቀው፣ ጮኸው፣ የሚሰማቸው አጥተው ሲያድሩ እያሰብኩ እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። ወር ሙሉ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «እስኪ እስከ እሑድ ቤትሽን ልየው» አሉኝ። ሰኞ ሊመጡ ነው። እስከ እሑድ ቤቱን ካስወደድኳቸው ይቀራሉ፤ ካልሆነ ይሄዳሉ። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበርና ቴሌቪዥን ገዛሁ።

«መናኸሪያ ሲደርሱ ይደውሉልኝ» ብያቸው ነበር። አልደወሉም። ባጃጅ ተሳፍረው እየጠየቁ ሕንፃው ድረስ መጡ። በእኛ አገር ሰው ቤት ሲኬድ ዘው ተብሎ አይገባም። ከአጥር ውጭ ይቆምና «ቤቶች!» ይባላል፤ ባለቤቱ ይወጣል፣ ውሻውን ይይዛል፣ ከዚያ ይገባል። አባቴ አጥር ፈለጉ፤ የለም። ውሻ ፈለጉ፤ የለም። ስለዚህ ከሕንፃው ፊት ለፊት ቆመው፣ ማሳ አቋርጦ በሬ የሚመልሰውን ድምፃቸውን አውጥተው «ቤቶች!» አሉ።

አሥራ ስድስቱም ቤት ወጣ። ግማሹ ውኃ መጣ ብሎ ጀሪካን ይዞ፣ ግማሹ መብራት ሊቆርጡ መጡ ብሎ ደረሰኝ ይዞ ነው የወጣው። አባቴ ደግሞ የወጣ ሰው ሁሉ የእኔ ቤተሰብ መሰላቸው። እኔ ግሩፑ ላይ አንብቤ ከቢሮ በባጃጅ ስደርስ የሕንፃው ሕዝብ በካፊያ ቆሟል፤ አባቴ በመካከል ኮፍያቸውን አውልቀው እያንዳንዱን ሰላም ይላሉ። የእርሳቸው ሰላምታ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተጀመረ የሚቋረጥ አይደለም። ልጆች፣ ሚስት፣ እናት፣ አዝመራ እያሉ ይወርዳሉ። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው የባንክ ሠራተኛ «ከብቱስ?» ሲሉት «ከብቱ ደህና ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። በሕይወቱ ዶሮ እንኳ ኖሮት የሚያውቅ አይመስለኝም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የያዙትን ከረጢት ነጥቄ ደረጃውን አስያዝኳቸው። ግድግዳውን እየተደገፉ፣ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። በየማረፊያው በሮቹን በከዘራቸው እያመለከቱ «ይኸ የማነው?» ይሉኛል።

«አላውቅም አባባ።»

«ይኸኛውስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«አንቺ ልጅ፣ ጠብ ነው?»

«ኧረ ጠብ የለንም። እዚህ እንዲህ ነው፤ ሰው ሰውን አያስቸግርም።»

«ብትታመሚ ማንን ትጠሪያለሽ?»

«አምቡላንስ አለ።»

«አምቡላንሱ ያውቅሻል?»

በሩን ከፈትኩ፣ ብርድ ልብሱን አሳየሁ፣ ቴሌቪዥኑን አበራሁ።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ቴሌቪዥኑ ለግድግዳው ዜና ያነብባል። አባቴ አዲሱን ወንበር አውጥተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በሩ ፊት ደረጃው ማረፊያ ላይ ተቀምጠዋል። ምነው ስላቸው «ቀን ቤት ውስጥ የሚውል በሽተኛ ነው» አሉኝ። ቤት ደጅ እንደሌለው ሲያዩ ራሳቸው ደጅ አበጅተዋል ማለት ነው። በዚያ ደረጃ ደግሞ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሁሉ ያልፋል። አባቴ አላፊ አግዳሚን ተቀምጠው ሰላም አይሉም፤ ታማሚ ዳሌያቸውን በከዘራ ደግፈው ይነሣሉ። ሽማግሌ የተነሣለት ሰው ደግሞ እንዴት አድርጎ ያልፋል? «ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ!» ይላል፤ እርሳቸው አይቀመጡም፤ እሱ አይሄድም። ረቡዕ ጠዋት የባንክ ሠራተኛው «እንዴት አደሩ» ሲል በጀመረው ሰላምታ ሩብ ሰዓት አረፈደ። ግሩፑ ላይ «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አባት ሰላምታቸውን እንዲያሳጥሩ በልጃቸው በኩል ይነገርልን» የሚል ተጻፈ። ሌላው ጨመረበት፦ «ዛሬ ሁለቴ ወጥቼ ሁለቴም ስለ እናቴ ጤንነት ተጠይቄያለሁ። መልሱ ያው ነው።»

ሐሙስ ማታ ሰብሳቢው ወረቀት ይዞ መጣ። አባቴ አሁንም ደጃቸው ላይ ነበሩ። «ጉዳዩ፦ የጋራ መተላለፊያን ለግል መቀመጫነት ማዋልን ይመለከታል» ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። አባቴ ቆመው፣ ወንጌል እንደሚሰማ ሰው ዝም ብለው አደመጡና «ጨረስክ የኔ ልጅ? በል ተቀመጥ» ብለው ወንበሩን ለቀቁለት። የገብስ ቆሎ አቀረቡለት። ከዚያ ስለ እናቱ ጠየቁት። ሰውየው ስለ እናቱ መናገር ሲጀምር አልቆመም፤ ዓይኗ እየጠፋ መሆኑን፣ ለማየት ያልሄደበትን ምክንያት፣ ሁሉን አወጣ። ሲሄድ ወረቀቱን ረስቶት ሄደ።

እኔ ግን ሰውየው የመጣበትን እንጂ የሄደበትን አላየሁም። እንደወረደ ጮህኩባቸው። «ይሄ ገጠር አይደለም እኮ አባባ! ሰውን መግቢያ መውጫ አሳጡት! በሕንፃው ሁሉ መሳቂያ አደረጉኝ!» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ ግን አልመለስኩትም። አባቴ ወንበሩን ራሳቸው ጎትተው አስገቡ፤ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። የፈለግሁት ይህን አልነበረም? ደረጃው ነፃ ነው፤ ማንም አላረፈደም። የባንክ ሠራተኛው ግን ሲያልፍ ቆም ብሎ «አባባ አሟቸው ነው?» አለኝ። ስሜን እንኳ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ አንድ ደብዳቤ አራት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍኩ። እሑድ ሁለት ቀን ቀርቷት፣ አባቴን በገዛ አፌ አባርሬያለሁ።

ማታ ስመለስ ቤት ውስጥ የሉም። ከትይዩዋ በር ፊት ሕፃኗን የያዘውን የነጠላ ቋጠሮ ጎንበስ ብለው ይፈታሉ። እናቲቱ እየሳቀች ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ይችን ልጅ እንደ ጥጃ ማን አሰራት?» አሉኝ፣ እኔ እንዳሰርኳት ሁሉ።

መደገፊያ እንደሌለ ነገርናቸው። ለምን የለም አሉ። ብረት እየተጠበቀ ነው አልናቸው፤ ሦስቱንም ቃለ ጉባኤ አብራራንላቸው። አባቴ ትንሽ አሰቡና «ቀርከሃ ጠፋ?» አሉ።

ሴትዮዋና እኔ ተያየን። እንጅባራ ነው ያለነው። በየትም ብትዞር አጥሩ ቀርከሃ ነው፤ አልጋው ቀርከሃ፣ ወንበሩ ቀርከሃ፣ የዶሮው ቤት ቀርከሃ ነው። አሥራ ስድስት ቤተሰብ፣ ከመካከላችን ሁለቱ መሐንዲሶች፣ ለስድስት ወር ይህ አልታየንም። ፎቅ ላይ ስንወጣ ቀርከሃን ከጭቃው ጋር ታች የተውነው ይመስለኛል።

«ነገ ደቦ ነው» አሉ አባቴ። በዚያ ዳሌ አራቱንም ፎቅ ወጥተው ወርደው በር እያንኳኩ «ልጄ ነገ ደቦ ጠርታለች፤ እንዳትቀሩ» እያሉ አዳረሱ። ደቦ የጠራ ሰው ደግሞ ያበላል፤ ያጠጣል። የጠራሁት እኔ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ያሉት ሳህኖች አራት ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ቀርከሃውን በጋሪ አስመጣን። አባቴ መጀመሪያ ወርደው የጋሪውን ፈረስ አንገት እያሻሹ ብዙ አወሩት፤ በሳምንቱ ውስጥ ለእኔ ካወሩት ይበልጣል። ከዚያ ደረጃው ወገብ ላይ ተቀምጠው ሥራ አደላደሉ። የባንክ ሠራተኛው ገጀራውን እንደ እስክሪብቶ ይዞ ሲመጣ አይተው ነጠቁትና ገመድ ሰጡት። መሐንዲሶቹ ስለ ማዕዘን ተከራከሩ፤ አባቴ ክርክሩ እስኪያልቅ ሁለት ቋሚ አስተከሉ። ሰብሳቢው ደብተር ይዞ መጥቶ «አባባ፣ ቃለ ጉባኤ ልያዝ?» አላቸው።

«ያዝ» አሉት፣ «በዚያኛው እጅህ ግን ይችን ቀርከሃ ደግፍ።»

ወጥ ቤቴ ደግሞ በሴቶች ተሞላ። ሳህን፣ ድስት፣ በርበሬ ይዘው መጡ፤ ዘበኛው ከሊፍቱ ቦታ አንድ ከረጢት ድንች አወጣልን። ቁም ሳጥኔን ከፈቱ፣ ጨው የማስቀምጥበትን ቦታ ነቀፉ፣ እኔን በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረጉኝ። የሰብሳቢው ሚስት ወደ በረንዳዬ ወጥታ የተሰጣውን ልብሴን አየች፤ ወደ ታች ወደ ራሷ መስኮት አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

ስድስት ወር ሙሉ ስንረግመው የነበረው ውኃ አንጠባጣቢ እኔ ነበርኩ። «ሰው ሆኖ እንዴት ለጎረቤቱ አያስብም?» ብዬ የጻፍኩት ስለ ራሴ ነው። ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እኔም ሌላ የማደርገው ነገር ስላልነበረ አብሬ ሳቅሁ። ያን ያህል ከሳቅሁ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነኝ ማስታወስ አቃተኝ።

አመሻሹ ላይ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ቀርከሃው ተሠርቶ አለቀ። አንዳንዱ ቋሚ ዘመም ብሏል፤ እሱ የመሐንዲሶቹ ነው። ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ በየእርከኑ ተደርድሮ ድንችና እንጀራ በላ፣ ጠላ ጠጣ። ሕፃኗ ሳትታሰር ቀርከሃውን ይዛ ወጣች፣ ወረደች። አባቴን ሲስቁ አየሁና አለቀ፣ ቀሩልኝ አልኩ። ወንድሞቼንም በስልክ አበሰርኩ፤ እንዴት እንዳሳመንኳቸው አጋንኜ ተናገርኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከረጢታቸውን አንሥተው ማሰር ጀመሩ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልኩ።

«እሑድ ነው እኮ።»

ተቆጣሁ፤ ለመንኩ፤ ሐሙስ ለተናገርኩት ይቅርታ ጠየቅሁ። «በዚያ ተቀይመውኝ ነው» አልኳቸው። «ልጅ ይናገራል፤ ምን አለበት» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚወዳቸው ነገርኳቸው፤ እሱንም አልካዱም። ከረጢቱን ግን አሰሩት። ደረጃውን ለመውረድ አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ በየበሩ ቆሞ የማይሸኛቸው አልነበረም። ሰብሳቢው የእናቱን ቀበሌ ነግሯቸው ሲያልፉ ሰላም እንዲሉለት ተማጸነ።

መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ሳለ በመጨረሻ የቀረኝን ተናገርኩ። «እዚያ ብቻዎን ወድቀው ቢጮሁ ማን ይሰማዎታል? እኔ እሱን እያሰብኩ መተኛት አቃተኝ» አልኩ።

አባቴ ገርሟቸው አዩኝ።

«እኔ? እኔ እኮ ጥር ላይ ስወድቅ ሰው ተሻምቶ ነው ያነሣኝ። ሌሊት ብስል እንኳ ነግቶ ሰባት ሰው ይጠይቀኛል። እኔ ምን ሆኜ ነው?» ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ወንድሞችሽ አልነገሩሽም? ደውለው 'በር ዘግታ ነው የምትኖር፤ ማንም የላትም፤ ሄደው ይዩልን' አሉኝ። በዚያ ላይ አንቺም ስትደውዪ 'ማንም አያውቀኝም' ትያለሽ። አንቺ ብትወድቂ ማን ይሰማሽ ነበር? እንቅልፍ ያጣሁስ እኔ ነኝ።»

ለካ ታማሚዋ እኔ ነኝ። ወንድሞቼን በልቤ የረገምኩት እርግማን እዚህ አይጻፍም። ልመልስላቸው፣ አይደለም ልላቸው ፈለግሁ፤ ግን የወጣኝ ለቅሶ ነው። በሰው ፊት፣ በመናኸሪያ መካከል፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባቴ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ።

አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ወደ እኔ እያየች «ልጅዎ ናት? ምን ሆና ነው እንዲህ የምታለቅስ?» ስትላቸው ሰማሁ።

«ልጄ ናት» አሉ አባቴ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ግዴለም፣ ታልቅስ። እዚህ ሰው አላት።»